ከሐዋላ በተረፈ ገንዘብ ኮሚክ መሰብሰብ

መጽሐፍ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ይነበባል፣ ይደረደራል። በሥዕልና በአጭር ንግግር ታሪክ የሚተርከው ኮሚክ ግን እንደዚያ አይደለም። ታሪኩ «ይቀጥላል» ብሎ ይቆማል፤ የሚቀጥለው እትም በሚቀጥለው ወር ይወጣል፤ እሱም በተራው «ይቀጥላል» ብሎ ያቆማል። ስለዚህ አንድን ተከታታይ ኮሚክ ልሰብስብ ብሎ የተነሣ ሰው ሳያስበው የወር ወጪ ውስጥ ይገባል፤ ኪራይ፣ መብራት፣ ስልክና ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ በተሰለፉበት ወረፋ መጨረሻ ላይ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ወጪ። ገንዘቡ ለተመጠነበት ሰው የዚህ ነገር ፈተና ከአንዱ እትም ዋጋ ይልቅ ማለቂያ ማጣቱ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን በአንድ ሆቴል የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ደመወዝ በገባ ማግስት መጀመሪያ የሚወጣው ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሐዋላ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ቀጥሎ ኪራዩ፣ ቀጥሎ ሌላው ሌላው። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ለኮሚክ ነው ስል ሰዎች ይገረማሉ፤ ዕድሜዬን የሚያውቁት ደግሞ ይበልጥ ይገረማሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ መልስ ለመስጠት አይደለም። በዚሁ መንገድ ላይ ላሉ፣ የተረፈውን ቆጥረው ለሚገዙ ያገሬ ልጆች፣ በዓመታት ውስጥ የተረዳሁትን ለማካፈል ብዬ ነው።

የምሰበስበውን የመረጠልኝ ልጅነቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ አንጥፈው ከሚሸጡት ሰዎች ዘንድ፣ ከአሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሔቶች መካከል፣ አልፎ አልፎ ኮሚክ ይገኝ ነበር። ማን እንዳመጣው አይታወቅም። አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑ የተገነጠለ ነበር፤ ታሪኩም ከመሐል ጀምሮ ከመሐል ያቆማል። ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ቆዳዋ የእኛን የመሰለ፣ ዝናብና መብረቅ የምታዝ ሴት አየሁ። እንግሊዝኛዬ ታሪኩን ለመከታተል አይበቃም ነበር። ግን አፍሪካዊት መሆኗ ገባኝ፤ በዚያ ገጽ ላይ ካሉት ሁሉ ኃይለኛዋ እሷ መሆኗም ገባኝ። ከዚያ በፊት ምን እንደሆነ፣ ከዚያም በኋላ ምን እንደሚመጣ የሚነግረኝ ሌላ እትም ግን በከተማው አልነበረም።

ስሟ ኦሮሮ፣ የትግል ስሟ ስቶርም መሆኑን ያወቅሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። እናቷ ኬንያዊት፣ አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ሁለቱንም ካይሮ ውስጥ በሕፃንነቷ አጥታለች። ጸሐፊው ሌን ዊንና ሠዓሊው ዴቭ ኮክረም እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው፣ ልዩ ኃይል ስላላቸው ጀግኖች ቡድን በሚተርከው «ጃይንት-ሳይዝ ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1 ላይ አስተዋወቋት፤ የዚያ እትም ዋጋ 50 ሳንቲም ነበር። በዚያው ዓመት ታሪኩ በዋናው «ኤክስ-ሜን» ከቁጥር 94 ጀምሮ ቀጠለ፤ ክሪስ ክሌርሞንት የሚባለውም ጸሐፊ ተረክቦ እስከ 1991 ድረስ ጻፈው። ይህ ከ180 በላይ እትሞች ማለት ነው። አንድ ሰው የአንዲትን ሴት ሕይወት ለአሥራ ስድስት ዓመታት ሲጽፍ መከታተል ለእኔ ከማንኛውም ልብ ወለድ የማይተናነስ ነገር ነው፤ ስለዚህ እነዚያን እትሞች ለመሰብሰብ ወሰንኩ።

እዚህ ላይ ነው ገበያው የሚመጣው። የድሮ ኮሚክ ዋጋ የሚተመነው በሁለት ነገር ነው፦ አንድ ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት መሆኑና ቅጂው የደረሰበት ሁኔታ። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 እ.ኤ.አ. በ1938 በ10 ሳንቲም ነበር የተሸጠው፤ በሚያዝያ 2024 አንድ ቅጂው በጨረታ 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። እንዲህ ያለው ዋጋ የመጣው እትሞቹ ለመቀመጥ ያልታሰቡ ስለነበሩ ነው። በርካሽ ወረቀት ታትመው፣ ልጆች አንብበው የሚጥሏቸው ነበሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ ይሰብሰብ ሲባል እጅግ ብዙ ኮሚክ ከጋዜጣ ጋር አብሮ ተወሰደ። የቀረው ጥቂት ነው፤ ጥቂት የሆነውን ደግሞ ሀብታም ይሻማበታል።

ስቶርም የመጀመሪያ ጊዜ የታየችበት ያ የ1975 እትምም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። በጣም የተጎሳቆለው ቅጂ እንኳ እኔ ለወራት የማጠራቅመውን ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ የለኝም፤ ሊኖረኝ እንደማይችልም ከተቀበልኩ ቆይቷል። ታሪኩን ግን አንብቤዋለሁ። የ«ኤክስ-ሜን» አሳታሚ ማርቭል በ1990ዎቹ ውስጥ «ኢሴንሻል» በሚል ስም የድሮ እትሞቹን በጥቁርና ነጭ፣ በርካሽ ወረቀት፣ እንደ ስልክ ማውጫ በወፈሩ ጥራዞች ማሳተም ጀምሮ ነበር። የ«ኤክስ-ሜን» የመጀመሪያው ጥራዝ ያንን የ1975 እትምና ከቁጥር 94 እስከ 119 ያሉትን አንድ ላይ ይዟል። አሮጌ መጽሐፍ ቤት ውስጥ በምሳ ዋጋ ተገኘ። ቀለም የለውም፤ ቀለም ሲጠፋ ግን የኮክረም እጅ ይበልጥ ይታያል፤ ፊቶቹን እንዴት እንደሚስል፣ የስቶርም ካባ በነፋስ እንዴት እንደሚዘረጋ። ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ጥራዝ የሚፈልግበት ምክንያት ስለሌለው ይህን ሳያይ ያልፋል።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ግን በተቻለኝ መጠን ዋናዎቹን እገዛለሁ፤ የተጎዱትን መርጬ ነው የምገዛው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሲጂሲ የተባለ ድርጅት ኮሚክን መርምሮ ከ0.5 እስከ 10 ድረስ ደረጃ ይሰጣል፤ ከዚያም በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ያሽገዋል። በ9.8 እና በ9.4 መካከል ያለውን ልዩነት ተራ ዓይን አያየውም፤ ዋጋው ግን በእጥፍም ከዚያም በላይ ሊራራቅ ይችላል። ወደ ታች ሲኬድ በተቃራኒው ዋጋው ገደል ይገባል። ሽፋኑ ላይ አንድ ልጅ በእስክሪብቶ ስሙን የጻፈበት፣ ጥጉ የታጠፈ፣ ስፒሉ የዛገ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው ኩፖን ተቆርጦ የተወሰደበት ቅጂ ከተሟላው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ በማይባል ዋጋ ይገኛል። ማርቭል ራሱ ከ1974 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል በእትሞቹ ውስጥ ቴምብር መሰል ሥዕሎች እያተመ አንባቢዎች ቆርጠው እንዲያጠራቅሙ ይጋብዝ ነበር። ግብዣውን የተቀበሉ ልጆች የቆረጧቸው ቅጂዎች ዛሬ ጎደሎ ተብለው ዋጋቸው ወድቋል። ለእኔ ግን የተቆረጠው ሥዕል የታሪኩን ገጽ እስካልነካ ድረስ ቅጂው ሙሉ ነው። ስሙን የጻፈው ልጅም አያስከፋኝም። እሱም እንደኔ ይህን ነገር የእኔ ነው ለማለት የፈለገ ሰው ነበር።

የታሸገውን ኮሚክ ግን አልወደውም፤ ይህን ስል ገንዘብ ስለሌለኝ አይደለም። ለመገለጥ የተሠራን ነገር እንዳይገለጥ አድርጎ ማሸግ ከሥራው መለየት ነው። የውስጡን ገጽ ማንም የማያየው ቅጂ የዋጋ ሰነድ ሆኖ ይቀራል።

ገበያው በዚህ መንገድ አንዴ ተሰብሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ የተጀመረው «ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1 በአምስት ዓይነት ሽፋን ወጥቶ ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። በ1992 ሱፐርማን የሞተበት ቁጥር 75 በጥቁር ፕላስቲክ ታሽጎ ወጣ፤ ሰዎች ተሰልፈው ገዙት፤ ብዙዎቹም አንድ ቀን የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ይከፍላል ብለው ሳይከፍቱት አስቀመጡት። ሚሊዮኖች ያስቀመጡት ነገር ሊወደድ አይችልም። ገበያው ፈረሰ፤ ብዙ መደብሮች ተዘጉ፤ ማርቭል ራሱ በ1996 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ዛሬ በየመደብሩ መሬት ላይ የሚቀመጠው የአንድ ዶላር ሣጥን በአብዛኛው የተሞላው ከዚያ ዘመን በተረፈው ነው። ሣጥኑን ተንበርክኬ ሳገላብጥ እኔ የማገኘው ርካሽ ንባብ የሌላ ሰው የጠፋ ተስፋ መሆኑን አልዘነጋውም።

ርካሽ የተገዛው ደግሞ ሁልጊዜ ርካሽ ሆኖ አይቀርም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ለመጻሕፍት የሚሰጠው ቅናሽ ያለው የመላኪያ ዋጋ ለኮሚክ አይሠራም፤ ምክንያቱም ኮሚክ ውስጥ ማስታወቂያ አለ። ስለዚህ በሁለት ዶላር በኢንተርኔት የተገዛ እትም እቤት ሲደርስ የመላኪያው ዋጋ ከራሱ ይበልጣል። መፍትሔው ከአንድ ሻጭ ብዙ እትሞችን በአንድ ጥቅል መግዛት ነው፤ ይህ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የሚፈለጉት ቁጥሮች አንድ ሰው ዘንድ እስኪገናኙ ድረስ መጠበቅ።

ከዚያ ማቆየቱ አለ። ከ1980ዎቹ በፊት የታተሙት በጋዜጣ ወረቀት ላይ ናቸው፤ በወረቀቱ ውስጥ ያለው አሲድ ቀስ በቀስ ያቢጫቸዋል፣ ያደርቃቸዋል፣ በመጨረሻም እንደ ቅጠል ይሰባብራቸዋል። ብርሃን፣ ሙቀትና እርጥበት ይህን ያፋጥናሉ። የሜሪላንድን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ምድር ቤት ውስጥ ያለው እርጥበት ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ እኔ ደግሞ የምከራየው ምድር ቤት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እትም ፕላስቲክ ከረጢት፣ አሲድ የሌለው የጀርባ ካርቶንና ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ሣጥን ያስፈልገዋል፤ ሣጥኑም ከወለሉ ከፍ ማለት አለበት። የአንዱ ከረጢትና ካርቶን ዋጋ ጥቂት ሳንቲም ነው፤ በመቶዎች ሲባዛ ግን የአንድ ወር የኮሚክ ገንዘቤን ይበላል። ለአንድ ሙሉ በጋ ምንም ሳልገዛ እርጥበት የሚመጥ ማሽን የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። በደንብ የማላስቀምጠውን መግዛት ለእኔ መሰብሰብ አይደለም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሁሉ በላይ የረዳኝ እቁብ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ኮሚክ የምንሰበስብ አምስት ሰዎች ተገናኘን፤ በየወሩ እያንዳንዳችን 30 ዶላር እናወጣለን፤ ዕጣው የወጣለት 150 ዶላሩን ይዞ ብቻውን ሊደፍረው የማይችለውን እትም ይገዛል። በዕድሜ የሚበልጠን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ዳኛ ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ የተገዛው እትም ወደ ባለቤቱ ሣጥን ከመግባቱ በፊት በአራቱም እጅ ዞሮ መነበብ አለበት። ከመካከላችን ታናሹ አንድ ጊዜ የታሸገ ቅጂ መግዛት ፈልጎ «ጋሼ፣ ዋጋው እኮ ይጨምራል፤ እርስዎም ያውቁታል» ብሎ ተከራከረ። ጋሼም «ይጨምር ይሆናል፤ ግን የማይገለጥ ነገር በዚህ እቁብ አይገዛም፤ ስትፈልግ በራስህ ገንዘብ ግዛው» አለው። ልጁ አኩርፎ ሁለት ወር ቆየና ያልታሸገ ገዝቶ መጣ። በእኔ ተራ የገዛሁት በ1976 መጨረሻ የወጣውን የ«ኤክስ-ሜን» ቁጥር 102 ነው፤ የስቶርም ልጅነት የተተረከበት፣ በፍርስራሽ ሥር ከሞተች እናቷ አጠገብ ተቀብራ የቆየችበት፣ በጠባብ ቦታ መቆም የማትችለው ለምን እንደሆነ የሚታወቅበት እትም። ጋሼ ካነበበው በኋላ መልሶ ሲሰጠኝ ስለ ሥዕሉ ምንም አላለም፤ ስለ ካይሮ ብቻ አወራኝ፤ ወደ አሜሪካ ሲመጣ እሱም በዚያ አልፎ ነበር።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። በአንድ ዶላር ሣጥን ውስጥ ያገኘሁት፣ ከሁሉም በላይ የምሳሳለት እትም አለኝ። «ሂሮስ ፎር ሆፕ» ይባላል፤ ማርቭል በ1985 ያወጣው ነው። በዚያን ጊዜ የእኛ አገር ረሃብ በዓለም ቴሌቪዥን ላይ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር 1977 ዓ.ም. ማለት ነው። ጂም ስታርሊንና በርኒ ራይትሰን የተባሉ ሠዓሊዎች አነሣሥተውት ብዙ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ጥቂት ጥቂት ገጽ ተካፍለው ሠሩት፤ ገቢውም በአፍሪካ በረሃብ ለተጎዱ ሰዎች እንዲውል ተደረገ። ከጸሐፊዎቹ መካከል ስመ ጥሮቹ ስቲቨን ኪንግ፣ ጆርጅ አር አር ማርቲን፣ አለን ሙርና ስታን ሊ ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ሽፋን ሥር ተሰብስበው የጻፉት ነገር በሌላ ርእስ ቢሆን ኖሮ እኔ የምነካው አይሆንም ነበር። ግን ማንም ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ አልታየበትም፤ ቅጂውም በብዛት አለ፤ ስለዚህ ገበያው አይፈልገውም።

ታሪኩን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በተስፋ መቁረጥ የሚመገብ ክፉ መንፈስ እያንዳንዱን የኤክስ-ሜን ጀግና በገዛ ፍርሃቱ ያሠቃየዋል፤ ኋላም ረሃብ ወዳለበት ወደ አፍሪካ ይሄዳሉ። ቅን ልብ ያለው ሥራ ነው፤ ይህን አልክድም። የሚያስቡት፣ የሚፈሩት፣ የሚናገሩት ግን ጀግኖቹ ናቸው። የተራቡት ሰዎች ስማቸውን፣ ቋንቋቸውን፣ ከረሃቡ በፊት ምን ያርሱና ምን ይዘፍኑ እንደነበር ማንም አይጠይቃቸውም። የማርቭል ተፎካካሪ የሆነው አሳታሚ ዲሲ በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ እትም አወጣ፤ በዚያ ውስጥ ሱፐርማንና ባትማን ኢትዮጵያ ይመጣሉ፤ የሱፐርማን ጠላት ሌክስ ሉተር እንኳ ከእነሱ ጋር ይሰለፋል። እኔ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሕፃን ነበርኩ። ቤታችን ከወሎ የመጡ ዘመዶች ለረጅም ጊዜ አብረውን ኖረዋል፤ ምን እንዳሳለፉ ግን በእኛ ፊት አይናገሩም ነበር። አገሬን በልጅነቴ ከምወደው ዓለም ጋር አንድ ላይ የሚያይዙት ወረቀቶች እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሁለቱንም ከአንድ ማኪያቶ ባነሰ ገንዘብ ገዛኋቸው። እያንዳንዳቸውን በሣጥኔ ውስጥ ካሉት ሁሉ በተሻለው ከረጢት ነው ያስቀመጥኳቸው።

በዚያው በ1985 ክሌርሞንት ባሪ ዊንድሰር-ስሚዝ ከተባለው ሠዓሊ ጋር የሠራው የ«ኤክስ-ሜን» ቁጥር 198 ይህን ጉድለት በከፊል ይሞላዋል። ስቶርም ኃይሏን ተነጥቃ ብቻዋን አፍሪካ ውስጥ ትጓዛለች፤ ችግር በጠናበት መንደር ውስጥ ሕፃን ታዋልዳለች። ዝናብ ማዘነብ አትችልም። እንደማንኛዋም ሴት በእጇ የምትችለውን ታደርጋለች። የመንደሩ ሰዎችም ስም አላቸው፤ ይናገራሉ፤ ይመክራሉ። ይህም ቢሆን ከውጭ የታየች አፍሪካ ናት፤ ግን ያዳምጣል። ቁጥር 198ን ያገኘሁት በሦስት ዶላር ነው።

ገንዘብ የሌለው ሰብሳቢ ሊያውቀው የሚገባ ሌላ በር ደግሞ አለ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ140,000 በላይ የኮሚክ እትሞች አሉት፤ በቅጂ መብት ምዝገባ ሳቢያ የገቡ ናቸው። በማዲሰን ሕንፃ የጋዜጦች ንባብ ክፍል ውስጥ፣ በነፃ የአንባቢ መታወቂያ አውጥቶ፣ አስቀድሞ ጠይቆ፣ ማየት ይቻላል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ የሚደረስበት ቦታ ነው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሜይ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ደግሞ መደብሮች ለዕለቱ የተዘጋጁ እትሞችን በነፃ የማደል ልማድ አላቸው፤ ልጆች ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አማርኛ የሚያነቡ ልጆች ያላችሁ ደግሞ ኤታን ኮሚክስ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያወጣቸውን «ጀምበር»ን እና «ሐዊ»ን አስነብቧቸው። እነዚህን በቅናሽ አልፈልግም፤ በሙሉ ዋጋ ነው የምገዛቸው፤ ምክንያቱም ሠሪዎቹ ቀጣዩን እትም የሚያወጡት ከዚያው ገንዘብ ነው።

ዋናውን እትም ለምን ትፈልጋለህ፣ ጥራዙ አይበቃህም ወይ ለሚሉኝ አንድ መልስ አለኝ፤ የደብዳቤዎቹ ገጽ። በድሮ እትሞች መጨረሻ ላይ አንባቢዎች የላኳቸው ደብዳቤዎች ይታተሙ ነበር፤ እንደገና ሲታተሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀራሉ። ደብዳቤዎቹ የሚወጡት የሚያወሩለት እትም ከታተመ ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ስለ ቁጥር 198 የአሜሪካ ልጆች በ1985 ምን እንደጻፉ፣ በቴሌቪዥን ያዩት ረሃብ በደብዳቤያቸው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ማየት የምችለው ከ200 በኋላ ያሉትን ቁጥሮች ሳገኝ ነው። እነዚህ እትሞች ውድ አይደሉም። በሚቀጥለው ወር የእቁቡ ዕጣ ለእኔ ከወጣ፣ ገንዘቡን በአንድ ውድ እትም ላይ ከማዋል ይልቅ ከ201 እስከ 210 ያሉትን በአንድ ጥቅል እገዛለሁ፤ ጋሼም ደብዳቤዎቹን ከሥዕሉ በፊት ለማንበብ ተራ ይዟል።